አያ ጀጃው ቁልፍ አይቀበሉም

የአያ ጀጃውን መሞት ግድግዳ ላይ ሁለት ጊዜ አንብቤ አልገባኝም። ሬሆቮት ባለችው ሰፈራችን፣ ክርያት ሞሼ ውስጥ፣ ሰው ሲሞት ጥቁር ጠርዝ ያለው ወረቀት በየሕንፃው መግቢያና በየሱቁ በር ላይ ይለጠፋል። እሑድ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ አየሁት፤ ሰኞም አየሁት። ያዕቆብ የሚባል ሰው ማረፉን በዕብራይስጥ ይናገራል። ያዕቆብ የሚባል ሰው ስለማላውቅ እግዜር ቤተሰቡን ያጽና ብዬ አለፍኩ። ማክሰኞ ዕለት ባለሱቁ፣ "አንተ ለቅሶ አልሄድክም እንዴ? ዘይተኛው እኮ ናቸው" ሲለኝ ነው እጄ ላይ የያዝኩት ወተት የከበደኝ።

ያዕቆብ የሚለውን ስም ያወጣችላቸው እዚህ አገር በገቡ ቀን ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጣ ስትመዘግብ የነበረች ጸሐፊ ናት። ጀጃው የሚለው አልጻፍ ብሏት ይሆናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ስም መታወቂያቸው ላይ ተሸክመው ዞሩ፤ በዚያ ስም ተጠርተው አቤት ሲሉ ግን አንድም ቀን አልሰማሁም። ወረቀቱ የቀበረው ያዕቆብን ነው። ጀጃው የት እንደደረሱ አይናገርም።

አያ ጀጃው የመኪና ዘይት ይቀይሩ ነበር። ፍሬን አይነኩም፣ ጎማ አይጠግኑም፣ ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር አጠገብ አይደርሱም። ዘይትና የዘይት ማጣሪያ ብቻ። እንዲህ ላለ ሰው መታሰቢያ አይጻፍም፤ መታሰቢያ ለመምህራን፣ ለቄሶችና ለጀግኖች የተተወ ነው። እኔ ዕድሜዬን በመጽሐፍ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ካስተማሩኝ ሊቃውንት የሦስቱን ስም ቶሎ ጥራ ብባል ሁለተኛው ላይ እሰናከላለሁ። የአያ ጀጃው የግራ አውራ ጣት ግን አሁን የምጽፍበት ወረቀት ላይ ያለ ይመስለኛል፤ ጥፍሩ በመሐል የተሰነጠቀ፣ ስንጥቁ ውስጥ የማይለቅ ጥቁር መስመር ያለበት።

የምጽፈው ግን ላወድሳቸው ብቻ አይደለም። ከስድስት ዓመት በፊት ለአንድ ዓመት ከሁለት ወር ከደጃቸው ጠፍቼ ነበር። የት እንደነበርኩና ለምን እንደጠፋሁ አልነገርኳቸውም። እነግራቸዋለሁ እያልኩ ስድስት ዓመት አለፈ። ይኸው ሞቱ።

ሬሆቮት ውስጥ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ታማኝ መካኒክ አለው፤ ችግሩ ታማኙ መካኒክ ሁልጊዜ ሌላ ከተማ መሆኑ ነው። አብሮኝ የሚሠራ ሰው መዝከረት ባትያ ያለ አንድ ሰው እስኪያልበው ድረስ አመሰገነልኝ፤ ራሱ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደሄደ ብጠይቀው ሁለት ዓመት እንደሆነው ነገረኝ፤ ሩቅ ነው አለ። ሌላው የጠቆመኝ ርካሽ ነበር፤ ሄጄ ሳየው ርካሽ የሆነበትን ምክንያት ከመኪናው ሥር ያለው ኩሬ ነገረኝ። በራቸው ላይ "ታማኝ" ብለው በትልቁ የጻፉ አሉ። ሚስቴ ታማኝ ነኝ የሚል ጽሑፍ ግንባሯ ላይ ለጥፋ ብትመጣ የምጠረጥረውን ያህል እነሱንም ጠረጠርኳቸው።

አያ ጀጃው ዘንድ የወሰደኝ ምክር ሳይሆን ሳቅ ነው። ከአንድ ባለአራት ፎቅ ሕንፃ ሥር፣ ከቆሻሻ መጣያው ጎን አንዲት ጠባብ መጋዘን ነበረች። በሯ ላይ በዕብራይስጥ በጣት በሚመስል ነገር፣ በጥቁር ቀለም "ወይራ መቀየሪያ" ተብሎ ተጽፏል። ቆሜ ሳቅኩ። ከውስጥ አንድ ረጅም ቀጭን ሽማግሌ ወጥተው፣ ሳቄን እንደ ሰላምታ ተቀብለው፣ "ግባ" አሉኝ።

የጽሑፉ ነገር እንዲህ ነው። እኛ ዘይት የምንለውን የመኪና ዘይት ዕብራይስጡ "ሼመን" ይለዋል። "ዛይት" ደግሞ ወይራ ነው። አያ ጀጃው በሱዳን በኩል መጥተው፣ ገና ቋንቋው ሳይገባቸው አንድ ትልቅ ጋራዥ ውስጥ ተቀጠሩ። በመጀመሪያው ሳምንት አለቃቸው ባዶ የዘይት ዕቃ አሳይቷቸው ይህን ግዛ ብሎ ላካቸው። እሳቸውም ሱቅ ገብተው፣ "ዘይት፣ ዘይት" አሉ። ባለሱቁ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ወይራ ሰጣቸው። አያ ጀጃው ለሞተር የሚሆን ነገር መስሏቸው፣ ይህ አገር እኮ ገና ብዙ የማላውቀው አለው ብለው፣ ተሸክመው ሄዱ። ጋራዡ ሁሉ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለ። ለዓመታት "ዛይት" ብለው ጠሯቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን ያንን ቃል ዳግመኛ ከአፉ አያወጣውም። እሳቸው የራሳቸውን መጋዘን ሲከፍቱ በር ላይ ጻፉት። በኋላ፣ ከተላመድን ወዲያ፣ እኔ አስተካክዬ ልጻፍልዎ አልኳቸው። ጽሑፍ ሥራዬ ነውና።

"ተወው" አሉኝ። "ሰው ስቆ ይግባ። ስቆ የገባ አይፈራኝም።"

አንዲት የመን አገር ተወላጅ የሆኑ አሮጊት ጎረቤት ጽሑፉን አምነው ጨው የበዛበት ወይራ በማሰሮ ይዘው መጥተው ቀይርልኝ ብለዋቸው ያውቃሉ። አያ ጀጃው አንዷን ቀምሰው፣ ፊታቸውን አጨማድደው፣ ማሰሮውን ተቀበሉ። ሁለት ቀን ውኃውን እየለወጡ አጥበው መለሱላቸው። አሮጊቷ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ይመጡ ነበር። መኪና የላቸውም።

ያኔ በመጀመሪያው ቀን ግን የመኪናዬን ቁልፍ አውጥቼ ዘረጋሁላቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ።

"ቁልፉን ለራስህ ያዘው። መኪናዋን አንተው ነህ የምታወጣት።"

ራሳቸው ያሠሯቸው ሁለት የብረት መወጣጫዎች ከመጋዘኑ ፊት ነበሩ። እዚያ ላይ እኔ ራሴ መኪናውን መንዳት እንዳለብኝ ሲገባኝ ብትወድቅስ አልኩ። ብትወድቅ አብረን እናነሣታለን አሉኝ። አወጣኋት። የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዘው አንዲት ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ አንጠባጠቡና እፊቴ ያዙት። ጠብታዋ ተለጠጠች፣ ዙሪያዋ ማር መሰለ።

"ገና ናት። ከፋሲካ በኋላ ና" አሉኝ።

ገንዘቤን ለመውሰድ እየቻለ ሂድ ያለኝ ሰው እስከዚያ ቀን አልገጠመኝም ነበር። ወይ ሞኝ ነው ወይ አልወደደኝም ብዬ ሄድኩ። ከፋሲካ በኋላ ተመለስኩ።

የቁልፉ ነገር ሕግ ነበር። ማንም ሰው፣ ዘመድም ቢሆን፣ መኪናውን ትቶ መሄድ አይችልም። ቁልፉን ይዞ፣ የተገለበጠ የብርቱካን ሳጥን ላይ ተቀምጦ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማየት አለበት። አዲሱን የዘይት ዕቃ ባለመኪናው በገዛ እጁ ካልከፈተው እሳቸው አያፈሱም። የቸኮለ ሰው ሁሉ ጥሏቸው ይሄዳል። ባለቤታቸው እቴ ትርንጎ ከሦስተኛው ፎቅ መስኮት ብቅ ብለው፣ "ጀጃው፣ ሰው ሥራ አለው እኮ፤ ቁልፉን ብትቀበለው ምን ትሆናለህ?" ይሏቸዋል። እሳቸው ከመኪና ሥር ሆነው፣ "አንቺ ሽሮሽን ጠብቂ" ይላሉ።

ምክንያቱን አንድ ቀን ብቻ ነገሩኝ። አባታቸው ጎንደር አካባቢ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። የኛ ሰዎች ብረት ሲቀጠቅጡ ጎረቤቱ ምን ይላቸው እንደነበር እዚህ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ቀን ማረሻ ያሠራቸው ሰው ማታ ልጁ ቢያማት በዓይናቸው በሏት ይላል። አባትየው ታዲያ ማረሻ ሊያሠራ የመጣውን ሰው እሳቱ ፊት አስቀምጠው ወናፉን ራሱ እንዲነፋ ያደርጉ ነበር። ብረቱ ሲግል ያያል፣ ሲመታ ያያል፣ ውኃ ሲገባ ያያል። በኋላ ማረሻው ቢሰበር፣ እጄ ነበረበት ብሎ ይመሰክራል።

"አባቴ ሥራውን አላስተማረኝም" አሉኝ አያ ጀጃው። "ማስቀመጡን ነው ያስተማረኝ።"

እኔም እቀመጥ ነበር። ስቀመጥ ግን መጽሐፍ አነባለሁ። አርባ ደቂቃ ባዶዬን ተቀምጬ የሽማግሌ እግር ከመኪና ሥር ወጥቶ ማየት ለእኔ ለተማርኩት ሰው ብክነት መሰለኝ። ይህ ያናድዳቸው ነበር። ደብተራ ብለው ነበር የሚጠሩኝ፤ ጎንደር ላደገ ሰው ይህ ቃል ግማሹ ምስጋና ግማሹ ስድብ እንደሆነ ግልጽ ነው።

"አንተ ደብተራ፣ መጽሐፉ አይሸሽህም፤ ዘይቱ ነው የሚሸሽ። እይ እንጂ!"

አያለሁ እላለሁ፣ ገጹን እገልጣለሁ። አዲሱን ማጣሪያ ከማሰራቸው በፊት ሁልጊዜ "ቁጥሯን ንገረኝ" ይላሉ። ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደች ከመሪው ኋላ ያለውን ቁጥር አንብቤ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ሚስማር ብረት ላይ ሲፍቅ እሰማለሁ። ምን እንደሚፍቁ ቀና ብዬ አላየሁም።

በቃላት ጉዳይም ተጣልተናል። እዚህ አገር መኪና የሚገባበት ምርመራ "ቲፑል" ይባላል። በሽተኛን መንከባከብም ቲፑል ነው፣ ሽማግሌ መጦርም ቲፑል ነው፣ ጭንቀት ያለበት ሰው ሐኪም ፊት ተቀምጦ የሚያወራውም ቲፑል ነው። አያ ጀጃው ይህን ሁሉ በአንድ የአማርኛ ቃል ጠቅልለው፣ "መኪናህን መቼ ነው ያስታመምካት?" ይላሉ። ጥገና ይባላል እኮ አልኳቸው።

"ጥገና ለተሰበረ ነው። ይቺ አልተሰበረችም። ደክሟታል።"

መዝገበ ቃላቱ ላይ የማላገኘው ነገር ሲገጥመኝ እንደማደርገው ወደ መጽሐፌ ተመለስኩ።

እንግዲህ የጠፋሁበት ነገር።

ቴል አቪቭ ውስጥ ንግግር እንዳደርግ ተጋብዤ ነበር። ርእሱን ሳልደብቅ ልጻፈው፤ "የአባቶቻችን ጥበብ" የሚል ነበር። በማግስቱ ወደ ሰሜን ረጅም መንገድ ስላለብኝ መኪናዋ ዘይት ያስፈልጋታል። በንግግሩ ዕለት ጠዋት አያ ጀጃው ዘንድ ሄጄ ዛሬ ብቻ ቁልፉን ያዙልኝ፣ ባቡር ሊያመልጠኝ ነው አልኳቸው።

"ዛሬ ብቻ የሚባል ቀን የለም" አሉኝ።

"አንቱን አምናለሁ እኮ፣ አያ ጀጃው።"

"እሱን አውቃለሁ። ዛሬ ታምነኛለህ። ነገ መኪናዋ ቢያስላት ግን፣ ሳታየኝ እጄ ላይ እንደነበረች ትዝ ይልሃል።"

እንደ ድንጋይ ግትር ናቸው ብዬ ተናድጄ ወጣሁ። ወደ ኢንዱስትሪው አካባቢ ነዳሁና ግድግዳው መስታወት የሆነ አንድ ትልቅ ጋራዥ ገባሁ። ቁልፌን በፈገግታ ተቀበሉኝ። ቡና ሰጡኝ። እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስም አደረሱኝ። እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። ቴል አቪቭ ሄጄ ስለ አባቶቻችን ጥበብ ተናገርኩ፤ ተጨበጨበልኝ።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ወጣት ኃላፊ በጣም አዝኖ ጠበቀኝ። እስካሁን ማን ነው የሚያይልህ አለኝ። ክርያት ሞሼ ያሉ አንድ ሽማግሌ ናቸው አልኩት። "አሃ" አለ፣ "ከናንተ ወገን።" ቀጥሎ፣ ማጣሪያው ቢያንስ ሦስት ጊዜ እንዳልተቀየረ፣ ሰውዬው ዘይቱን ብቻ እያፈሰሰ እየሞላ እንዳታለለኝ አስረዳኝ። አሮጌውን ማጣሪያ በላስቲክ ከረጢት ቋጥሮ ለማስረጃ ሰጠኝ።

በዚያች ደቂቃ ማለት የነበረብኝ ቀላል ነገር ነው። እፊቴ ነው የሚቀይሩት፣ ተቀምጬ አይቻለሁ ማለት ነበረብኝ። ግን አላየሁም ነበር። መጽሐፍ ሳነብ ነበር። እንድመሰክር ሳጥን ላይ ያስቀመጡኝ ሰው ነኝ፤ ምስክርነቱ ሲፈለግ ባዶ እጄን ተገኘሁ።

እሱም ቢሆን ይቅር ይባል ነበር። እኔ ግን ሳቅኩና፣ "ምን ላድርግ፣ አሳዝነውኝ ነው የምሄደው" አልኩት። በዕብራይስጥ ስለው ቀሎኝ ነበር። ወጣቱም አብሮኝ ሳቀ፤ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ከነሱ ሳይሆን ከሱ ወገን የቆጠረኝ መሰለኝ፤ ሀምሳ ሊሞላኝ የቀረበ ሰው፣ ያችን መታ መታ ወደድኳት። ከረጢቱን ሳልከፍተው ከትርፍ ጎማው ሥር ወረወርኩት።

ለአንድ ዓመት ከሁለት ወር መስታወቱ ቤት ሄድኩ። በሄድኩ ቁጥር አንድ አዲስ ነገር የተበላሸ ይገኛል። በመጋዘኗ በር ማለፍ ስለማልፈልግ ሱቅ የምሄድበትን መንገድ ለወጥኩ።

ከዚያ አንድ ቀትር መዝከረት ባትያ አጠገብ፣ እርሻው ዳር ጎማዬ ፈነዳ። ትርፍ ጎማውን ሳወጣ ከረጢቱ አብሮ ወጣ። ከፈትኩት። ማጣሪያው ቆርቆሮ ላይ በሚስማር የተፋቀ ነገር ነበር፦ ፲፰፼፵፻። አያ ጀጃው ቄስ አጎታቸው ዘንድ የግእዝ ቁጥር ተምረው ነበርና በዚያ ነው የሚጽፉት። መቶ ሰማንያ አራት ሺህ። መጨረሻ በሄድኩ ቀን "ቁጥሯን ንገረኝ" ሲሉኝ የነገርኳቸው ቁጥር ነው፤ ድፍን ቁጥር ሆኖ ስለገጠመ ሁለታችንም ስቀን ነበር። መስታወቱ ቤት ሳልሄድ በፊት የታሰረው ያው ማጣሪያ ነው። ቀይረውልኝ ነበር። ሁልጊዜም ቀይረውልኝ ነበር።

ዕድሜዬን ሙሉ ሳነብ ኖሬ፣ ከዚያች አምስት ምልክት የበለጠ ያሳፈረኝ ጽሑፍ የለም። ወጣቱ ኃላፊ ፍቀቱን አይቶት ይሆናል፤ ሊያነበው ግን አይችልም። ሊያነበው የሚችለው ሰው ደግሞ ከረጢቱን አልከፈተም።

በማግስቱ ሄድኩ። መንገድ ላይ ውሸት አዘጋጀሁ፤ ለጥናት ውጭ አገር ነበርኩ እላለሁ። ከተማውን ሁሉ መርጬ ነበር፣ የአየሩን ጠባይ ሳይቀር። አያ ጀጃው መጋዘኗ በር ላይ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ቆመው አገኘኋቸው።

"መጣህ?"

"መጣሁ።"

"አውጣት።"

ይኸው ነው። የት ነበርክ አላሉኝም። ሞተሩን አዳምጠው ድምጿ እንደተለወጠ ነገሩኝ፤ ያ ብቻ። እቴ ትርንጎም በመስኮት ብቅ ብለው ስለ ልጆቼ ጠየቁኝና ተመለሱ። አንድ ልጃቸው በዚያ ሲያልፍ ሰላም አለኝ፤ ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፍ ይዤ አልሄድኩም። ያየሁት ነገር አሁን የቀረኝ ሁሉ ነው። ማጣሪያውን በመፍቻ አጥብቀው አያውቁም፣ በእጃቸው ብቻ ነው፤ በእጅ የጠበቀ በእጅ ይፈታል ይሉ ነበር። አሮጌው ዘይት ፈስሶ ሲያልቅ ቶሎ አይዘጉትም፤ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትንጠለጠል፣ ተንጠልጥላም እስክትወድቅ ይጠብቃሉ። አዲሱን ሲያፈሱ ለሕፃን መድኃኒት እንደሚያጠጣ ሰው በቀስታ ነው፣ ከንፈራቸውም አብሮ ይከፈታል። ሲጨርሱ ኮፈኑን አይደፉትም፤ በሁለት መዳፋቸው ጫን አድርገው ይዘጉታል፣ ከዚያም እጃቸው እዚያው ላይ ትንሽ ይቆያል። በዚያች አርባ ደቂቃ ውስጥ ስልኬ አይጠራም ነበር፤ ወይም ይጠራ ነበር፣ አልሰማሁም። አሁን የማልመው አንዳንዴ ያንን ነው፤ ሳጥኑ ላይ ተቀምጬ፣ ከመኪና ሥር የወጡ ሁለት እግሮች እያየሁ፣ ማንም ምንም ሳይፈልግብኝ።

ግን አልጠየቁኝም። በመጀመሪያ እፎይ አልኩ። በኋላ እንዲጠይቁኝ መጠበቅ ጀመርኩ፤ ቢጠይቁኝ እናገራለሁ። ከዚያ ተናደድኩ። እኔ ሁሉን ነገር መተርጎም የምወድ ሰው ነኝና ዝምታቸውንም ተረጎምኩት፦ እየቀጡኝ ነው። ሽማግሌዎች እንዳሻው ይሁን ብለው ሲተዉ ከዱላ የባሰ ነው፤ አያ ጀጃውም ዱላቸውን ዘይት ቀብተው ይዘውታል አልኩ። አንድ ዓመት የኪፑር ጾም ዋዜማ ቀን፣ ሰው ሁሉ ይቅርታ በሚጠያየቅበት ሰዓት ደወልኩላቸው።

"አያ ጀጃው፣ ይቅር እንዲሉኝ የምፈልገው ነገር አለ።"

"ይቅር ለእግዜር፤ አንተም ይቅር በለኝ። ዝናቡ ዘንድሮ ዘገየ፣ አይደል?"

ስለ ዝናብ አወራን። ስልኩን ስዘጋ ይኸው ሊሰሙኝ እንኳ አልፈለጉም አልኩ። ሁለተኛ አልሞከርኩም።

ባለፈው ክረምት ጉልበታቸው እምቢ አለና መጋዘኗን ዘጉ። አሁን ውስጧ ብስክሌት ይቀመጥባታል። በርዋን የቀባ ሰው ጽሑፉንም አብሮ ቀባው። ቤታቸው ሄጄ ሁለት ጊዜ ጠየቅኳቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ሰው ነበር፣ ወይም ሌላ ሰው በመኖሩ ደስ ብሎኝ ነበር።

ለቅሶው ላይ የደረስኩት ባለሱቁ በነገረኝ ዕለት ነው። ሳሎኑ በፕላስቲክ ወንበር ሞልቷል። ግማሹ ለቀስተኛ የብርቱካን ሳጥኑ ላይ ሲቀመጥ የኖረ ሰው ነው። ወንዶቹ በዝግታ ስለ ሟች ደግነት ጀምረው፣ ሳያስቡት ወደ ዋናው ጉዳይ ገቡ፤ ከእንግዲህ ዘይት የት ነው የሚቀየር? አንዱ ጣቢያው አጠገብ ያለውን አነሣ። ሌላው፣ "እሱን ተወው፣ ሌባ ነው" አለ። ሦስተኛው ወንድሙ ይሠራል አለ፤ ወንድሙን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አንድ ሽማግሌ ጉልበታቸውን እያሹ፣ "እኔ እንግዲህ መኪናዋን እሸጣታለሁ" አሉ። የሳቀ አልነበረም።

እቴ ትርንጎ ጥግ ላይ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሌላው እንደሚለው እግዜር ያጽናዎት ብዬ ብነሣ ይበቃኝ ነበር። አጠገባቸው ያለው ወንበር ተለቀቀና ተቀመጥኩ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ያኔ በጠፋሁበት ጊዜ በአያ ጀጃው ላይ ያደረግኩት ነገር እንዳለ፣ እሳቸውም አውቀውብኝ በዝምታ ሲቀጡኝ እንደኖሩ፣ እንደሚገባኝም ነገርኳቸው።

እቴ ትርንጎ ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ አልነበረም፤ ሞኝ ሲያይ የሚደክመው ሰው ፊት ነው።

"ምን አለ መሰለህ?" አሉኝ። "አንተ በቀረህ በሁለተኛው ወር ልጆቹንም እኔንም እዚህ ሰብስቦ አስጠነቀቀን። ያ ደብተራ አንድ ቀን ይመጣል፤ ሲመጣ የት ነበርክ የሚለው እንዳይኖር አለ። እኔ ምነው? ብዬ ተቆጣሁ። ከጠየቅነው ይዋሻል አለኝ። ከዋሸን ደግሞ ያፍራል፣ ሁለተኛ አይመጣም።"

ያኔ ለውሸት ያዘጋጀሁት የውጭ አገር ከተማ ከነአየሩ ፊቴ ተደቀነ። የኪፑሩ ስልክ ትዝ አለኝ፤ እያስመለጡኝ ነበር ለካ። ስድስት ዓመት ሙሉ ዱላ ያልኩት በር ነበር፣ ክፍት የተተወ።

"ሁልጊዜ፣ አልመጣም? እያለ ይጠይቀኝ ነበር" አሉ። "በመስኮቱ ከኔ በላይ መንገዱን ያይ የነበረው እሱ ነው።"

ልጃቸው ውኃ አመጣላቸው። አንድ ጉንጭ ጠጥተው ብርጭቆውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ወንዶቹ ወዲያ ማዶ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀምረዋል። እቴ ትርንጎ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

"አሁን እሱ የለም። ቃሉም ያው ከሱ ጋር ሄዷል" አሉ። "ለመሆኑ የት ነበርክ?"

ነገርኳቸው። መስታወቱን ቤት፣ ወጣቱን፣ አሳዝነውኝ ነው ያልኩትን፣ ስለውም እየሳቅኩ እንደነበር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሦስት ደቂቃ አልፈጀም።